የምንጩ ድንጋይ

አካፋው አልገባም አለ።

ኤስሜ ቴይት ቀኝ እግሯን አካፋው ላይ አሳርፋ እንደገና ገፋችው። ስለቱ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ከጠንካራ ሥር ጋር ተላተመና ቆመ። ከኋላዋ ሁለት መቶ ፈረሰኛ ልጓም ስቦ ይጠብቃታል። ከፈረሰኛው ኋላ ደግሞ በእግሩ የወጣው የላንግሆ ከተማ ሕዝብ ነበር። ሕፃን ያቀፈው፣ ውሻ የሚጎትተው፣ ከማለዳው ሩም የሚባል አረቄ የተቀላቀለበት ወተት ጠጥቶ ገና በረፋዱ ፊቱ የቀላው ሁሉ ተሰብስቧል። ከበሮ መቺዎቹ ዝም ብለዋል።

“ምነው ኤስሜ፣ ዘንድሮ ሣሩን ትተሽ ድንጋዩን ነው እንዴ የምትቆርጪው?” አለች ዊልማ። ዊልማ በዋናው መንገድ ላይ ዳቦ ቤት ያላት የልጅነት ጓደኛዋ ነች። አፏ አያርፍም።

ሰው ሳቀ። ኤስሜም ልትስቅ አሰበች፣ ሳቁ ግን አልመጣ አላት።

የላንግሆ ሰው በየዓመቱ ሰኔ በገባ በሁለተኛው ዓርብ የወል መሬቱን ድንበር በፈረስ ይዞራል። የሹራብ ፋብሪካው ሲከፈት ዞሯል፣ ሲዘጋም ዞሯል። የከብት ገበያው ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ባቡሩ ቀርቷል፣ በዋናው መንገድ ካሉት ሱቆች ግማሾቹ መስኮታቸውን በጋዜጣ ሸፍነዋል። ዙሩ ግን አልቀረም። በሦስቱ የድንበር ድንጋዮች ሥር ሣር ቆራጩ አንዳንድ የሣር ጓል ያነሳል። ጓሉን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ “የማን ነው?” ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ሕዝቡም ሦስት ጊዜ “የላንግሆ ነው!” ይላል። ላንግሆ እስከቆረጠበት ድረስ የላንግሆ ነው፤ ያልቆረጠበትን ግን የእኔ ነው ሊል አይችልም።

ሣር ቆራጭነቱ ከቴይት ቤት ወጥቶ አያውቅም። አባታቸው ሲሞት ታናሽ ወንድሟ ጊድዮን ፈረሱንና እርሻውን ወሰደ፣ አካፋው ለኤስሜ ደረሰ። ያን ጊዜ ‘ሴት?’ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ሃያ ሦስት ዓመት ክንዷን ሲያዩ ዝም አሉ። ፋብሪካ ውስጥ የሹራብ ማሽን ስትገፋ ያደገች ሴት ክንድ ቀልድ አይደለም።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በሦስተኛውና በመጨረሻው፣ በምንጩ ድንጋይ ሥር ሣር ቆርጣለች። በየዓመቱ የሚቆረጥ መሬት ደግሞ ያስታውቃል። ሣሩ ከጎረቤቱ ሳሳ ይላል፣ አፈሩ ይፈረፈራል፣ አካፋው ኬክ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ነው የሚገባው። አሁን ከእግሯ ሥር ያለው ግን ጥቅጥቅ ያለ፣ ሥሩ እርስ በርሱ የተገመደ፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ ሣር ነበር።

ቀና አለች። ስምንት ዓመት ሲሞላት አባቷ ድንጋዩ አጠገብ አቁሟት ወደ ከተማው አመልክቶ ያሳያት ነገር ነበር። በትክክለኛው ቦታ የቆመ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ አያየውም፤ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ጥርቅም አድርጎ ይጋርደዋል። ዛሬ ግንቡ ከጭስ ማውጫው በስተግራ፣ ከነሰዓቱ፣ ወለል ብሎ ይታያል። ጆሮዋን ጣል አደረገች። ሌላ ጊዜ ከዚህ ድንጋይ አሥራ አራት እርምጃ ላይ የሚንፎለፎለው ምንጭ ዛሬ ድምፁ የለም። ዝቅ ብላ ስታይ ምንጩ ላይ ያዘነበለችው የአኻያ ዛፍ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ቆማለች።

ድንጋዩ ወደ ላይ ወጥቷል። ስልሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

መጀመሪያ ራሷን ጠረጠረች። ዓይኔ ይሆናል፣ ዕድሜዬ ይሆናል አለች። ቀጥሎ ግን ከሣሩ ይልቅ ስለ ጉልበቷ አሰበች።

ሣር ቆራጭ ከዙሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ብቻውን ሦስቱን ድንጋዮች ማየት አለበት። እሾህ ይመነጥራል፣ ያዘነበለ ካለ ያቃናል። ኤስሜ አንድም ዓመት አስተጓጉላ አታውቅም። ዘንድሮ ብቻ ቀኝ ጉልበቷ አስቸገራት። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጊድዮን ደርዘን እንቁላል ይዞ ወጥ ቤቷ ገባ። ከፋርማሲ የገዛላትን የጉልበት ማሰሪያ ከኪሱ አውጥቶ በርከክ ብሎ ራሱ አሰረላት። “ድንጋዮቹን ዘንድሮ እኔ አይልሻለሁ። አንቺ ለዓርቡ ብቻ ጉልበትሽን አሳርፊው” አላት። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ተንበርክኮላት አያውቅም ነበር። ኤስሜ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር አመሰገነችው።

ዛሬም ቢሆን በፒክ አፑ እዚህ ያደረሳት እሱ ነው። ሁልጊዜ እንደሚመጡት በምንጩ በኩል ሳይሆን በላይኛው መንገድ፣ “ታችኛው ጭቃ ነው” ብሎ። ፈረሰኞቹም በየዓመቱ ከፊታቸው ያለውን ፈረስ ጭራ እየተከተሉ ይጋልባሉ፣ ድንጋዩን ሲያዩ ይቆማሉ። ዘንድሮም ድንጋዩን አዩ፣ ቆሙ።

“ወይዘሮ ቴይት፣ ነጥቡን ልያዘው?” አለ ቢጫ ሰደርያ የለበሰው የመሬት ቀያሽ። መሣሪያውን በሦስት እግሩ አቁሞ ትንሿን ስክሪን እያየ ነበር። የአውራጃው የድንበር ካርታ ዘንድሮ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ይገለበጣል። ሰውየው የመጣው የሦስቱን ድንጋዮች ነጥብ ሊመዘግብ ነው። ከዛሬ በኋላ ላንግሆ የሚታወቀው ዛሬ በቆረጠበት ይሆናል።

“ትንሽ ይታገሡኝ” አለችው ኤስሜ። ድምፁ የእሷ አልመሰላትም።

ጊድዮን ቴይት የዘንድሮው ዙር ሊቀመንበር ነበር። ደረቱ ላይ ሰማያዊ ሪባን አድርጎ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ ከፈረሱ ወረደና መጣ። ሲያዩት እህቱን ሊረዳ የመጣ ይመስላል። አጠገቧ ደርሶ ለሰው ጀርባውን ሰጠ።

“ቁረጪ እንጂ” አለ በሹክሹክታ።

“ምኑን?”

“ሣሩን ነዋ። ሰው እየጠበቀ ነው።”

“ጊድ፣ እየኝ እስቲ።”

አላያትም። የአካፋውን እጀታ ነበር የሚያየው።

“አንተ ነህ?” አለችው።

“ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።”

“አንተ ነህ ወይ ነው የምልህ!”

ጊድዮን ወደ ፈረሰኞቹ ገላመጠ። “የእርሻው የኪራይ ውል በኅዳር ያልቃል። መሬቱን የገዛው አዲሱ ባለርስት፣ ሚስተር ፔንፎልድ፣ ካላደሰው ከእርሻው እወጣለሁ። ጥርት አድርጎ ነው የነገረኝ። ምንጩና የወንዙ ዳር ለእንግዳ ማረፊያ ቤቶቹ ያስፈልጉታል። ድንጋዩ እዚህ ከሆነ ሃያ ዓመት ይፈርምልኛል። ስልሳ እርምጃ ነው ኤስሜ። ስልሳ እርምጃ እሾህና ድንጋይ።”

“ምንጩስ?”

“ምንጩን ማን ይጠጣዋል አሁን? ሰው ሁሉ ቧንቧ አለው።”

“ካቻምና ዝናብ ጠፍቶ ቧንቧው ዝገት ሲተፋ የት ነበርክ? ባልዲ ይዘህ ከኋላዬ የተሰለፍከው የት ነው? ምንጩ ጋ አይደለም እንዴ?”

ኤስሜን ግን ከምንጩ ይልቅ ሌላ ነገር ነበር ያንገበገባት። በየካቲት በከተማው አዳራሽ ስብሰባ ፔንፎልድ ምንጩን ልግዛ ብሎ ደብዳቤ ሲልክ፣ ‘አይሸጥም!’ ብሎ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ይኼው ወንድሟ ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናግቶ ነበር። እሷም አጨብጭባ ነበር፣ መዳፏ እስኪቀላ።

“መቼ ነው ያነሳኸው?” አለችው።

“ተይው አሁን።”

“መቼ?”

“ማክሰኞ። በትራክተሩ።”

ማክሰኞ ማታ እሷ ቤት እራት በልቷል። የበግ ሥጋ ፓይ ሠርታለት ነበር። ሲገባ እጁ ክርኑ ድረስ ጭቃ ነበር፣ ‘ከብቶቹ አጥር ጥሰው ነው’ አላት። ሳሙና ያቀበለችው እሷ፣ ፎጣውን የያዘችለት እሷ። ሁለተኛ ሳህን ሲጠይቃት ደስ ብሏት ነበር።

“እኔ ነኝ ያጠብኩልህ ማለት ነው” አለች ቀስ ብላ። “የሰረቅክበትን ጭቃ።”

“አትስደቢኝ። አንቺስ እዚያ ቤት አይደል የተወለድሽው? እናታችን የሞተችው እዚያ አይደል? ለፔንፎልድ የፈረስ ጋጣ ይሁን ነው የምትይው?” ጊድዮን አሁን አያት። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። “ለእኔ ስትይ እንኳ ባይሆን ለቤቱ ስትይ። አንድ ጊዜ ብቻ ቁረጪ። የቴይት እጅ ከቆረጠው ማንም ቃል አይተነፍስም።”

“ለዚህ ነው ለካ ራስህ ያልቆረጥከው።”

“ምን?”

“ለዚህ ነው ‘ጉልበትሽን አሞሻል፣ እረፊ፣ እኔ አይልሻለሁ’ ያልከኝ። ድንጋዩን ማንም ማንሳት ይችላል። እኔን ነበር የፈለግከው። የእኔን እጅ።”

ጊድዮን አንገቱን ደፋ። ኤስሜን በጣም ያቃጠላት ይህ ነበር። ቢዋሽ ይሻላት ነበር። ስልሳ አንድ ዓመት ከኖረችበት ዓለም ውስጥ እሷ አምና ጀርባዋን የምትሰጠው ይህ ልጅ ብቻ ነበር። እናታቸው ፋብሪካ ስትውል ጡጦ ያጠባችው፣ ጫማውን ያሰረችለት፣ ትምህርት ቤት ሲደበድቡት ሄዳ የደበደበችለት እሷ ነች። ማሰሪያው ጉልበቷ ላይ ጠብቆ ተሰማት። ወንድሟ ቀዳዳ ፈልጎ የገባባት በዚያ በደከመው ጉልበቷ በኩል ነው።

“እትዬ ኤስሜ፣ ችግር አለ?” አለች ሮና ኤሊዮት። የዘንድሮዋ ባንዲራ ያዥ፣ ሃያ አራት ዓመቷ፣ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነች። የከተማውን ሰማያዊ ባንዲራ ይዛ ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጣለች። ፈረሱ በአንድ እግሩ መሬቱን ይጭራል።

ኤስሜ አካፋውን ከመሬቱ ነቀለች።

“አለ” አለች፣ አሁን በሙሉ ድምፅዋ። “ድንጋዩ ቦታው ላይ አይደለም።”

ማጉረምረም ከፊት ተነስቶ እስከ ኋላ ሄደ። ዊልማ ሳንድዊች የሞላውን ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀመጠች።

“እንዴት ቦታው ላይ አይደለም? ማን ነክቶት?” አለ አንዱ ፈረሰኛ።

ሁሉም ኤስሜን አዩ። ጊድዮንም አያት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እሱን ለማጋለጥ ከእሷ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፣ ጨው ጨው ይላል። ከአርባ ዓመት በፊት የትምህርት ቤቱን መስኮት ሰብሮ ኮቷ ውስጥ ሲደበቅ የነበረው ፊት ነው አሁንም የሚያያት። ያን ጊዜ አሳልፋ አልሰጠችውም።

“ድንጋይ በእግሩ አይሄድም” አለች። “የነካው ሰው እዚህ ካለ ራሱ ይናገር። እኔ ሣር ቆራጭ ነኝ።”

ጥቂት ጠበቀች። እንዲናገር ትፈልግ ነበር፣ ከምንም በላይ ያንን ትፈልግ ነበር። ቢናገር ከነጭቃው ታቅፈው ነበር። ጊድዮን ደረቱ ላይ ያለውን ሪባን አስተካከለ።

ከዚያ ወዲያ አላየችውም። አካፋውን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ጉልበቷ በየእርምጃው እንደ መርፌ ይወጋታል። ድምፅ አውጥታ ትቆጥር ነበር፤ ሃያ ስትል ዊልማ አብራት መቁጠር ጀመረች፣ ሠላሳ ሲሆን ብዙ ሰው ይቆጥር ነበር። ሮና ፈረሷን አዞረች፣ ፈረሰኛው ተከተላት። ሃምሳ ስምንት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ከጭስ ማውጫው ኋላ ጠፋ።

እዚያው ነበር። የትራክተሩ ጎማ ያረሰው ምልክት በደረቀ ሣር ተሸፍኗል። ሣሩን በእግሯ ገለጥ ስታደርገው ድንጋዩ የወጣበት ጉድጓድ አዲስ አፈር ተሞልቶ ተደልድሏል፤ ሥራው ጥሩ ነበር፣ ወንድሟ እጁ የተባረከ ገበሬ ነው። ከጉድጓዱ ግርጌ ግን የአምናው ቁርጧ፣ መዳፍ የምታክል የሳሳች ሣር፣ እንዳለች ነበረች።

አካፋው ገባ። አንድ ግፊት ብቻ ነው የፈለገው።

ጓሉን አነሳችው። ጥቁር አፈር ክንዷ ላይ ተንጠባጠበ።

“የማን ነው?”

“የላንግሆ ነው!”

ሦስተኛው ላይ ከበሮው ገባ፣ ፈረሶቹ ደነበሩ፣ ሰው ኮፍያውን ወረወረ። ቀያሹ መሣሪያውን ተሸክሞ እያለከለከ ወርዶ ከቆረጠችበት ላይ አቆመው። “ነጥቡ ይኼ ነው ታዲያ?” አላት። “ይኼ ነው” አለችው። ጻፈ። ድንጋዩን ነገ በትራክተር እናወርደዋለን ይባባሉ ጀመር፤ የማንን ትራክተር እንደሚዋሱ ግን ማንም አላነሳም። ወደ ላይ የተመለከተ ሰው ሊቀመንበሩን ድንጋዩ አጠገብ ለብቻው ቆሞ ያየው ነበር። ያየም አለ፣ የገባውም አለ።

ፈረሰኛው ወደ ወንዙ መሻገሪያ ጋለበ፣ እግረኛው ደግሞ ወደ ከተማው ዞረ። ዊልማ ክንዷን ልትይዛት ስትሞክር ኤስሜ እምቢ አለች።

“እሱ ነው አይደል?” አለች ዊልማ።

“ምሳ ብሉ፣ እኔን አትጠብቁኝ።”

“ኤስሜ።”

“ዊልማ፣ እባክሽ።”

ዊልማ በሕይወቷ ምናልባት ለሁለተኛ ጊዜ አፏን ዘጋች። አንድ የበግ ሥጋ ፓይ በወረቀት ጠቅልላ ኮት ኪሷ ውስጥ ከተተችላትና ሄደች።

ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድ በዊንሄድ፣ በጊድዮን እርሻ በር ነው የሚያልፈው፣ እሷና ወንድሟ በተወለዱበት። በየዓመቱ ኤስሜ ሦስተኛውን ጓል እዚያ በር ምሰሶ ላይ ታስቀምጠዋለች። አባቷም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ጓሉ ምሰሶው ላይ ሆኖ ዝናብ ሲያገኘው ለአንድ ሁለት ወር ይለመልማል። ከዚያ ጊድዮን በፒክ አፑ ቤቷ ያደርሳታል፣ ሻይ ይጠጣሉ።

ጊድዮን ቀድሟት ደርሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሪባኑን አውልቆታል። የፒክ አፑ በር ተከፍቷል፣ ሞተሩ ይሠራል።

ጓሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ አካፋውን በብብቷ ሸጉጣ እያነከሰች ስትመጣ አያት። ኮፍያውን አወለቀ።

“ስሜን አልጠራሽም” አላት።

“አልጠራሁም።”

“አመሰግናለሁ።”

“ለአንተ ብዬ አይደለም። ራስህ ትላለህ ብዬ ነበር።”

“እንዴት ብዬ ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?” ጊድዮን ምሰሶውን በመዳፉ ጠረገው፤ በየዓመቱ ጓሉን ከማስቀመጧ በፊት እንደሚጠርገው። “ፔንፎልድ ደውሎልኛል። ሰምቷል። እስከ ኅዳር ነው ያለኝ። ኤስሜ፣ ግቢ፣ ላድርስሽ። ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፣ በዚህ ጉልበትሽ አትችይም።”

ኤስሜ ግቢውን አየችው። የእናታቸው የእንጆሪ መደብ አብቧል። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው። በኅዳር ያ መስኮት የሰው እንደሚሆን ታውቃለች፣ የዚያም ግማሹ በእሷ እጅ የመጣ መሆኑን ታውቃለች። ለዚህ ሁሉ ለማልቀስ ጊዜ ይኖራታል።

ጓሉንና አካፋውን መሬት ላይ አኖረች። ዝቅተኛው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጠችና የሱሪዋን እግር እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች።

“ምን ልትሆኚ ነው?” አለ ጊድዮን።

ማሰሪያውን ፈታችው። ቀስ ብላ፣ ዙር በዙር ፈታችው፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጥቶ ተሸብሽቧል። እናታቸው እንዳስተማረቻት ጥቅልል አድርጋ ጠቀለለችው። ተነስታ ለጓሉ በተጠረገው ምሰሶ ላይ፣ መሀሉ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ጓሏን አቅፋ፣ አካፋዋን ምርኩዝ አድርጋ የከተማውን መንገድ ያዘች። ከኋላዋ የፒክ አፑ ሞተር ብዙ ቆይቶ ጠፋ።